የሱቁ ገንዘብና የባለሱቁ ኪስ

ከትምህርት ቤት ለወጣ ወጣት ሥራ ማለት ወንበርና ደመወዝ ማለት መስሎ የታየበት ዘመን ረጅም ነው። ወላጅም ልጁን ሲመርቅ ለሹመት ያብቃህ ይለዋል እንጂ ለሱቅ ያብቃህ ሲለው እምብዛም አይሰማም። ሙያና የእጅ ሥራ በአገራችን ምን ያህል ተንቀው እንደ ነበር ለመረዳት ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዳይኖር ያወጡትን አዋጅ ማስታወስ ይበቃል፤ ስድቡ ባይበዛ ኖሮ አዋጁ ባላስፈለገ ነበር። ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። በመሥሪያ ቤት የተቀጠረው ወጣትና በዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚመላለሰው ተማሪ ሻይ ይዘው ሲቀመጡ የሚያነሡት ጨዋታ «ምን ብንከፍት ይሻላል?» የሚለው ሆኗል። ደመወዙ የወሩን መጨረሻ ሳያይ የሚያልቅበት ሰው ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ጥያቄው ግን ግማሽ ነው። ምን እንክፈት የሚለውን ሁሉም ይጠይቃል፤ ከተከፈተ በኋላ ገንዘቡ እንዴት ይቈጠራል፣ ከሱቁ ሣጥን ወጥቶ ወዴት ይሄዳል የሚለውን ግን አንሥቶ የሚመረምር ጥቂት ነው። እኛ እንደምናምነው ትንሽ ንግድን የሚገድለው ብዙ ጊዜ የመነሻ ገንዘብ ማነስ አይደለም። የሱቁ ገንዘብና የባለሱቁ ኪስ አንድ ሆነው መኖራቸው ነው። ይህንንም ከቦሌ ተነሥተን እስከ አያት ድረስ ባለው የከተማችን ምሥራቃዊ ክፍል ምሳሌነት ጥቂት እናብራራዋለን።

ይህን አካባቢ የመረጥንበት ምክንያት አለን። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጄት አውሮፕላኖች ሥራ ሲጀምሩ ቦሌ የከተማው ዳርቻ ነበረ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ገርጂ፣ ጎሮ፣ ሰሚትና አያት የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበር። በ1996 ዓ.ም. ገደማ የአዲስ አበባ አስተዳደር ከጀርመን የቴክኒክ ተራድኦ ድርጅት ጋር ሆኖ የጋራ መኖሪያ ቤቶችን ለሙከራ የሠራው በዚሁ በቦሌ ገርጂ ነው። ሙከራው ወደ ሰፊ ፕሮግራም ሲለወጥ ብሎኬት የሚያመርቱት፣ በርና መስኮት የሚበይዱት በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች እንዲሆኑ ተደረገ። መኖሪያው በዕጣ ሲታደል ከሥር ያሉት የንግድ ቤቶች ደግሞ በጨረታ ተሸጡ። በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው የቀላል ባቡር የምሥራቅና ምዕራብ መስመርም አንደኛውን ጫፉን አያት ላይ አደረገ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከቦሌና ከየካ ተቀንሶ ለሚ ኩራ የተባለው ክፍለ ከተማ ተቋቋመ። እንግዲህ ሰው ገና ቤቱን እያደራጀ ያለበት ሰፈር ማለት፣ መጋረጃ የሚሰፋለት፣ ቧንቧ የሚጠግንለት፣ እንጀራ የሚያቀርብለት፣ የልጁን ጸጉር የሚቈርጥለት ሰው የሚፈልግ ሰፈር ማለት ነው። ለጀማሪ ነጋዴ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አይገኝም።

ነገር ግን በእነዚሁ ሕንፃዎች ሥር ብንመላለስ የምናየው አንድ ነገር አለ። አንዱ የጭማቂ ቤት ከፍቶ ሰው ሲበዛለት ጎረቤቱም ጭማቂ ቤት ይከፍታል፤ ሦስተኛውም ይከተላል። በዓመቱ ከሦስቱ ሁለቱ በር ላይ «የሚከራይ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ይታያል። ሌላው ሲሸጥ ማየት ገበያ መኖሩን ያሳያል እንጂ ለሁለተኛ ሰው የሚተርፍ ገበያ መኖሩን አያሳይም። ስለዚህ ጀማሪው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ጊዜውን ያውጣ እንላለን። ሦስት ወይም አራት ቀን፣ አንዱን የሥራ ቀን፣ አንዱን ቅዳሜ፣ አንዱን የበዓል ዋዜማ አድርጎ፣ ሊከራየው ባሰበው ቤት ፊት ለፊት ቆሞ የሚያልፈውን ሰው ይቍጠር። ስንቱ ያልፋል ብቻ ሳይሆን ስንቱ ቆም ይላል፣ ምን ይዞ ያልፋል ብሎ ይጻፍ።

የመንገዱ ወገን እንኳ ልዩነት አለው። ጠዋት ከሰሚት ወደ መገናኛ የሚቸኩለው ሰው ታክሲ የሚይዘው በአንደኛው ወገን ነው፤ እርሱ ትኩስ ሻይና ብስኩት ይገዛ ይሆናል እንጂ ሽንኩርት አይገዛም። ማታ የሚወርደው በሌላኛው ወገን ነው፤ ያን ጊዜ ዳቦውን፣ ቲማቲሙን፣ ለልጅ የሚሆን ደብተሩን ይገዛል። አትክልት ቤቱን በጠዋቱ ወገን፣ ቁርስ ቤቱን በማታው ወገን የከፈተ ሰው ዕድሉን ሲያማርር ቢኖር የሚገርም አይሆንም። ቀን መቍጠሪያውንም መመልከት ያሻል። ቁርስ ቤት ለመክፈት ያሰበ ሰው የሁዳዴን 55 ቀንና ረቡዕና ዓርብን አስቀድሞ በወረቀቱ ላይ ያስገባ፤ የጽሕፈት መሣሪያ የሚሸጠውም መስከረም የዓመቱን ገበያ ይዞለት እንደሚመጣ፣ ክረምቱ ግን ባዶ መሆኑን ይወቅ።

ስለ ኪራይ ውል አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም፤ ብዙ ወጣት ተታልሎበት አይተናልና። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1320 ስለ መኖሪያ ቤት ኪራይ የሚናገር ነው፤ የንግድ ቤትን አይመለከትም። እንግዲህ ለመኖሪያ ቤቱ ጥበቃ ያገኘ ሰው ለሱቁም ያገኘ መስሎት በአፍ ስምምነት ብቻ ተማምኖ ግድግዳ ቀለም ቀብቶ፣ መደርደሪያ አሠርቶ፣ መብራት አስገብቶ ቢገባ፣ በስድስተኛው ወር ኪራዩ እጥፍ ቢሆንበት የሚሟገትበት ወረቀት አይኖረውም። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ስንት ዓመት እንደሆነ፣ ኪራዩ መቼና በምን ያህል እንደሚጨምር፣ ተከራዩ ያሠራውን ዕቃ ሲወጣ ይዞት ይሂድ ወይም አይሂድ በግልጽ ይነገርበት። ደግሞም በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከቦሌ አየር ማረፊያ ወደ መገናኛ፣ ከመገናኛም ወደ ሲ.ኤም.ሲ. ያለውን መንገድ መልኩን ለውጦታል። መንገዱ አምሯል፤ በመንገዱ ዳር የነበሩ ብዙ ትንንሽ ንግድ ቤቶች ግን ተነሥተዋል። የስድስት ወር ኪራይ አስቀድሞ የሚከፍል ሰው ያ ቦታ በከተማው ፕላን ላይ ምን ተብሎ እንደ ተቀመጠ ሳይጠይቅ ብር ማውጣት የለበትም።

ባለቤቱን ያልቈጠረ ሂሳብ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ገርጂ ውስጥ በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሥር ቁርስ ቤት የከፈተ ወጣት አለ እንበል። ቍጥሩን ለምሳሌ የወሰድነው እኛ ነን፤ አንባቢ በሚያውቀው ቍጥር ሊለውጠው ይችላል። በወር ለኪራይ 18,000 ብር፣ ለአንድ ሠራተኛ 7,000 ብር፣ ለመብራትና ለውሃ 2,000 ብር፣ ለልዩ ልዩ ነገር 2,000 ብር ያወጣል። ድምሩ 29,000 ብር ነው። ቁርሱን በሳህን 120 ብር ይሸጣል፤ ለዳቦው፣ ለዕንቁላሉ፣ ለዘይቱና ለጋዙ 70 ብር ያወጣበታል። ከአንድ ሳህን 50 ብር ይተርፈዋል ማለት ነው። በቀን 25 ሳህን ይሸጣል፤ በወር 26 ቀን ይሠራል።

ማታ ሣጥኑን ሲከፍት 3,000 ብር ያገኛል። ደስ ይለዋል፤ በመሥሪያ ቤት ያለ ጓደኛው በወር የሚያገኘውን በጥቂት ቀን አገኘሁ ይላል። ነገር ግን ከ3,000 ብር ውስጥ 1,750 ብሩ የነገ ጥሬ ዕቃ ነው፤ የእርሱ 1,250 ብር ብቻ ነው። ይህን በ26 ብናባዛው 32,500 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ 29,000 ብሩን ብንቀንስ 3,500 ብር ይተርፋል። አሁንም «ትርፍ ነው» ይል ይሆናል። ይህ ወጣት ግን ከጠዋቱ በ11 ሰዓት ተነሥቶ እስከ ማታ በእግሩ ቆሞ ውሏል። ሌላ ቤት ተቀጥሮ ቢሠራ ኖሮ 10,000 ብር ይከፈለው ነበር ብንል፣ ሱቁ አትራፊ ሳይሆን በየወሩ 6,500 ብር ከጕልበቱ ላይ የሚበላ ነው። የራሱን ደመወዝ እንደ ወጪ ቢጽፈው ኖሮ የወሩ ወጪ 39,000 ብር፣ የቀኑም 1,500 ብር መሆኑን ባየው ነበር። 1,500 ለ50 ሲካፈል 30 ሳህን ይሆናል። እንግዲህ ሠላሳኛው ሳህን እስኪሸጥ ድረስ ትርፍ የሚባል ነገር የለም፤ ትርፍ የሚጀምረው ከሠላሳ አንደኛው ነው። ይህን አንድ ቍጥር የማያውቅ ነጋዴ በጨለማ እንደሚሄድ ሰው ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። ባለቤቱ ደመወዙን አልጻፈም እንጂ ሳይበላ አይኖርምና ከሣጥኑ ይወስዳል። ዛሬ ለታክሲ 100 ብር፣ ነገ ለእኅቱ የትምህርት ቤት ክፍያ 2,000 ብር፣ በሳምንቱ ለሠርግ መዋጮ 1,500 ብር። እያንዳንዱ ተገቢ ወጪ ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ይሁን እንጂ የሄደው ከትርፉ ሳይሆን ከነገው ዳቦና ዕንቁላል ነው። አንድ ቀን ጠዋት ዕንቁላል ሊገዛ ሲል ገንዘብ ያጣል፤ ያን ቀን ብድር ይጀመራል። ሰው ሲጠይቀው «ገበያ ቀዘቀዘ» ይላል፤ ገበያው ግን እንደ ትናንቱ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ቀላል በመሆኑም ይናቃል። አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይበቃል። ቀኑን፣ የገባውን፣ ለሱቁ የወጣውን፣ ከዚያም ለብቻው በሌላ ዓምድ ባለቤቱ የወሰደውን መጻፍ ነው። ይህ የመጨረሻው ዓምድ ከሁሉ ይበልጣል። ባለቤቱ ለራሱ የወር ደመወዝ ይቍረጥ፤ በወሩ መጨረሻ እንደ ሠራተኛው ይቀበል፤ ከዚያ በላይ ቢወስድ ከሱቁ የተበደረ ነውና እንደ ዕዳ ይጻፍበት። በስልክ የሚከፈለውም እንደዚሁ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደንበኛው ገንዘቡን በስልክ ይልካል፤ ብዙ ባለሱቅ ግን የሚቀበለው ለዘመድና ለጓደኛ በሚላላክበት በዚያው በግል ቍጥሩ ነው። ለሱቁ የተለየ ሂሳብ ማውጣት አንድ ቀን የማይፈጅ ሥራ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል መቸገር አያስፈልግም።

መዝገብ መያዝ ፈረንጅ ትናንት ያመጣው ጣጣ የሚመስለው ሰው አለ። ሉካ ፓቾሊ የተባለ ኢጣልያዊ መነኵሴ በ1494 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ባሳተመው የሂሳብ መጽሐፍ ውስጥ የዚያች ከተማ ነጋዴዎች መዝገብ የሚይዙበትን ዘዴ ጽፏል፤ ነጋዴው ሁሉን ከመጀመሩ በፊት ያለውን ንብረት በሙሉ ቈጥሮ እንዲጽፍ ያዝዛል። እርሱ ዘዴውን ከነጋዴዎቹ ተምሮ ጻፈው እንጂ አልፈጠረውም። በባሕር ማዶ የሚነግዱት እነዚያ ሰዎች የሠሩበትን ነገር የገርጂው ቁርስ ቤት አይፈልገውም ማለት አይቻልም።

ደብተር ያልያዘ ሰው የሚጐዳው በራሱ ሱቅ ውስጥ ብቻም አይደለም። በ2009 ዓ.ም. በአነስተኛ ነጋዴዎች ላይ የዕለት ገቢ ግምት ተሠርቶ፣ ውጤቱ በሐምሌ ወር ሲነገር በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች ብዙ ነጋዴ ግምቱ ከአቅሜ በላይ ነው ብሎ አቤት ማለቱ፣ በአንዳንድ ስፍራም ሱቅ እስከ መዝጋት መደረሱ ይታወሳል። የግምቱ ትክክለኛነት ራሱን የቻለ ክርክር ነው። እኛ የምንለው ግን መዝገብ የሌለው ነጋዴ «ይህን ያህል አልሸጥኩም» ሲል ከቃሉ በቀር የሚያሳየው ነገር አልነበረውም ነው። ግብር ሰብሳቢው በግምት፣ ነጋዴው በመሐላ ሲነጋገሩ መግባባት እንዴት ይቻላል?

ዱቤና የዋጋ መናር

በአዲስ ሰፈር ዱቤ አለመስጠት ያስቸግራል። ጎረቤት ነው፤ በዕድሩም በልጆቹ ትምህርት ቤትም ይገናኛሉ። ይሁን እንጂ ከላይ ባነሣነው ቁርስ ቤት አምስት ሳህን በዱቤ ተበልቶ ሳይከፈል ቢቀር የጠፋው ጥሬ ዕቃ 350 ብር ነው፤ ያንን ለመመለስ ሌላ ሰባት ሳህን መሸጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዱቤ የሚሰጥ ሰው ወሰኑን አስቀድሞ ይናገር፤ በተበዳሪው ፊት ይጻፍ፤ ደመወዝ በሚወጣበት ቀን ይጠይቅ። ፊት ለፊት የተጻፈ ዱቤ ወዳጅነትን አያፈርስም። ወዳጅነትን የሚያፈርሰው ሳይጻፍ ቆይቶ ሁለቱም በየፊናቸው የተለያየ ቍጥር የሚያስታውሱት ነው።

ሌላው ከሂሳብ የሚያመልጥ ነገር የዋጋ ለውጥ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በመገናኛ ሕንፃዎች ውስጥ የስልክ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ወጣት ቻርጀሩን በ300 ብር ገዝቶ ነበር እንበል። በ360 ሸጠና 60 ብር አተረፍኩ አለ። ወደ አከፋፋዩ ሲመለስ ግን ያው ዕቃ 400 ብር ሆኖ ጠበቀው። ትርፍ ያለው ገንዘብ የሸጠውን ዕቃ ለመተካት እንኳ 40 ብር ጐደለው። እንዲህ እያለ አሥር ጊዜ ቢሸጥ መደርደሪያው ይራቈታል፤ በእጁ ያለው የብር ኖት ግን እየበዛ የሄደ ይመስለዋል። ዋጋ በሚናርበት ጊዜ ትርፍ የሚለካው በተገዛበት ሳይሆን በሚተካበት ዋጋ ነው። ይህ ማለት ግን ዋጋ ይጨምራል ተብሎ ዕቃ ይደበቅ ማለት አይደለም፤ እርሱ በሕግም የሚያስጠይቅ፣ ደንበኛንም የሚያርቅ ሥራ ነው።

መነሻውን ከየት?

እቁብ የአገራችን ሰው ያለ ባንክ የፈጠረው ባንክ ነው። ሃያ ሰዎች በየወሩ አምስት አምስት ሺህ ብር ቢጥሉ ዕጣ የወጣለት 100,000 ብር ይረከባል። መጀመሪያ የደረሰው ያለ ወለድ ተበደረ፤ መጨረሻ የደረሰው ቈጠበ ማለት ነው። በሃያ ወር ውስጥ ዋጋ ስለሚንር የመጨረሻው ሰው 100,000 ብር የመጀመሪያውን ያህል ዕቃ እንደማይገዛለት ግን ልብ ሊባል ይገባል። ስለዚህ ለንግድ መነሻ የሚፈልግ ወጣት ከእቁብተኛው ጋር ተስማምቶ ቀደም ብሎ ቢወስድ፣ ወይም ዕጣ የደረሰውን ሰው ጥቂት ብር ጨምሮለት ተራውን ቢገዛው ያዋጣዋል። አደጋው ከዚያ በኋላ ነው። ደመወዝ ያለው ሰው ቀሪውን ዕጣ ከደመወዙ ይጥላል። ሱቁን ብቻ ተማምኖ የወጣው ግን በየወሩ 5,000 ብሩን ከሱቁ ማውጣት አለበት፤ ከላይ ባነሣነው ሂሳብ ይህ ሌላ መቶ ሳህን ቁርስ ነው። አንባቢያችን ሥራውን ለቅቆ ከመውጣቱ በፊት ይህን መቶ ሳህን ይቍጠር።

ባንክ ያለ ቤት ካርታ አያበድርም የሚለው ቅሬታ ለረጅም ጊዜ እውነት ሆኖ ኖሯል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1147 ግን ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ማለትም ማሽን፣ ተሽከርካሪ፣ የዕቃ ክምችትና ይህን የመሰለው ሁሉ ለብድር መያዣ ሆኖ የሚመዘገብበትን መንገድ ከፍቷል። የልብስ ስፌት መኪና ያላት ወይም የብየዳ መሣሪያ ያለው ሰው ይህን ይዞ አበዳሪውን ቢጠይቅ መብቱ ነው። እዚህም ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ያው ደብተር ነው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ በቴሌብር የተጀመረው የስልክ ብድር ደግሞ ለአጭር ጊዜ የሚሆን ትንሽ ብድር ነው። ቅዳሜ ገዝተው እስከ ማክሰኞ ለሚሸጡት አትክልት ይጠቅም ይሆናል፤ ለዓመት ኪራይ ወይም ለመደርደሪያ ማሠሪያ የወሰደው ግን ገና ሳያተርፍበት የመክፈያው ቀን ይደርስበታል። ስለ አራጣ ምንም አንልም፤ አራጣ የጀመረ ሰው ሱቁን ለአራጣ አበዳሪው ነው የከፈተው።

ስለ ሕጉ ወገን በአጭሩ። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ የሚመራው በ2008 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 980 እና በማሻሻያው ነው፤ የግብር ከፋይ መለያ ቍጥር ሳይወጣ ፈቃድ የለም። የገቢ ግብሩም አዋጅ በዚያው ዓመት ወጥቶ ነጋዴውን በዓመታዊ ሽያጩ መጠን በደረጃ ደልድሎት ነበር፤ ድልድሉ በ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ ስለ ተለወጠ፣ ጀማሪው የቆየ ነጋዴ የሚነግረውን ይዞ ከመሄድ በወረዳው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ያለበትን ደረጃ ይጠይቅ። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነው አንባቢያችን ደግሞ ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። ንግዱ ከመሥሪያ ቤቱ ሥራ ጋር የሚጋጭ አይሁን፤ ለምሳሌ ፈቃድ ሰጪው ሹም ፈቃድ በሚሰጥበት ዘርፍ ሱቅ ቢከፍት የሰው አፍ ብቻ ሳይሆን ሕግም ይደርስበታል። በሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ፣ በቍጥር 668/2002፣ ሀብቱን የማስመዝገብ ግዴታ ካለበትም ሱቁን በወንድሙ ስም ደብቆ ማለፍን አያስብ። በወንድም ስም የተከፈተ ሱቅ የወንድም መሆኑ የሚታወቀው ጠብ የመጣ ዕለት ነው።

ከጓደኛ ጋር መክፈት መልካም ነው፤ ገንዘብም ጕልበትም ይደመራል። ችግሩ የሚመጣው ሲከስር ብቻ አይደለም፤ ሲያተርፍ ይብሳል። አንዱ ገንዘብ አዋጥቶ በቢሮው ሲውል ሌላው ሱቁ ውስጥ ይውላል። በዓመቱ መጨረሻ የዋለው «የደከምኩት እኔ ነኝ» ይላል፤ ያዋጣው «ገንዘቡ የእኔ ነው» ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ስለዚህ የሚሠራው ደመወዝ ይቈረጥለት፤ ትርፉ ከደመወዙ በኋላ በመዋጮው ልክ ይከፈል፤ አንዱ ልውጣ ቢል ድርሻው እንዴት እንደሚገመት ገና በሳቁበት ቀን ይጻፍ። ብቻውን መሥራት የሚፈልግ፣ ነገር ግን የሱቁ ዕዳ እስከ ቤቱ ዕቃ እንዳይመጣበት የሚሰጋ ሰው ደግሞ፣ የ1952ቱን በተካው በ2013ቱ የንግድ ሕግ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ተፈቅዶለታል። ሕጉ ይህን ጥበቃ የሚሰጠው ግን የማኅበሩን ገንዘብ ከራሱ ገንዘብ ለይቶ ለያዘ ሰው መሆኑን መዘንጋት የለበትም።

ስለ ማደግ ጥቂት እንበል። ሁለተኛ ሱቅ መክፈት የማደግ ምልክት ተደርጎ ይቈጠራል። ወይዘሮ ጸዳይ አስራት የካልዲስ ኮፊን፣ ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን በከተማው ምዕራባዊ ወገን ባለው በዘነበወርቅ ሰፈር የሶልሬብልስን ጫማ ሥራ የጀመሩት በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ነው። አንደኛዋ ቡና፣ ሁለተኛዋ ከአሮጌ ጎማ የሚሠራውን የበረባሶን ነገር ይዘው ተነሡ። ሁለቱም ነገሮች በአገራችን አዲስ አልነበሩም። አዲስ የሆነው አሠራሩ ነው። የካልዲስን ቤት በአንዱ ሰፈር ያየ ሰው በሌላው ሰፈር ሲያገኘው በመልኩ ይለየዋል፤ የበረባሶው ጫማም ለባሕር ማዶ ገዢ የሚላከው መጠኑና አሠራሩ ተስተካክሎ ነው። አንድን ነገር ደጋግሞ በአንድ ዓይነት መንገድ መሥራት ሳይቻል ሁለተኛ ሱቅ መክፈት ችግርን ሁለት ማድረግ ነው።

በገርጂ የከፈተ ወጣት በአያት ሌላ ልክፈት ሲል ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ሙከራ ያድርግ። ሁለት ሳምንት ከሱቁ ይራቅ፤ በስልክም ትእዛዝ አይስጥ። ሲመለስ ደብተሩ በየቀኑ ተጽፎ፣ የሣጥኑ ገንዘብ ከደብተሩ ጋር ገጥሞ፣ የቁርሱ ሳህንም በፊት እንደ ነበረው ሆኖ ካገኘው የአያቱን ቤት ይከራይ። ካልሆነ ግን የአያቱን ኪራይ ይተወውና ለገርጂው ሱቅ ሌላ ሠራተኛ ጨምሮ ያሠልጥን፤ ከዚያም ከስድስት ወር በኋላ እንደ ገና ይሞክረው።